ባለ ሦስት ዝናብ መጥረጊያዋ መኪና

ከኦክስፎርድ ወደ አቢንግደን በሚወስደው መንገድ ላይ፣ ሰማዩ በጠራበት የእሑድ ጠዋት፣ አንዲት ዝቅ ያለች ባለ ሁለት መቀመጫ መኪና ስታልፍ ማየት ለአገሩ ሰው እንግዳ ነገር አይደለም። የሸራ ጣሪያዋ ወደ ኋላ ታጥፏል፤ የሞተሯ ድምፅ ከዘመኑ መኪኖች ድምፅ ወፈርና ሻከር ያለ ነው፤ ከፊት ለፊቷ፣ ስምንት ማዕዘን ባለው ምልክት ውስጥ፣ «ኤም» እና «ጂ» የሚሉ ሁለት የላቲን ፊደላት ተቀርጸዋል። ከወዲያ በኩል የእርሷ ብጤ ብትመጣ ሁለቱ አሽከርካሪዎች፣ ባይተዋወቁም እንኳ፣ እጃቸውን አንሥተው ሰላም ይባባላሉ። አላፊ አግዳሚው ዞር ብሎ ያያታል፤ ፈገግ ይልና መንገዱን ይቀጥላል።

ነገሩን የሚያውቅ ተመልካች ግን በዚያች አጭር ጊዜ ውስጥ አንድ ነገር ይቆጥራል፤ የዝናብ መጥረጊያዎቿን። በመስተዋቷ ግርጌ የተተከሉት ሁለት ከሆኑ፣ መኪናይቱ እዚያው እንግሊዝ ውስጥ ተሸጣ እዚያው ያረጀች ልትሆን ትችላለች። ሦስት ከሆኑ ግን ታሪኳ ሌላ ነው። ባለ ሦስት መጥረጊያዋ መኪና የተሠራችው ለአሜሪካ ገበያ ነው። በመርከብ ተጭና አትላንቲክን ተሻግራለች፤ ወጣትነቷን በሰው አገር አሳልፋለች፤ ከብዙ ዓመታት በኋላም በመርከብ ተጭና ወደ ተወለደችበት ምድር ተመልሳለች። ስትመለስ የወለዳት ፋብሪካ አልጠበቃትም። ለምን እንደ ሄደች፣ ፋብሪካውም ለምን እንደ ተዘጋ፣ እርሷስ ለምን እንደ ተመለሰች መመርመር የአንዲትን መኪና ብቻ ሳይሆን የአንድን ታላቅ ኢንዱስትሪ ዕጣ ማየት ነው። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

በመንገድ ዳር የሚነበብ ታሪክ

መኪናይቱ ኤምጂ ቢ ትባላለች። ከ1962 እስከ 1980 ድረስ ለአሥራ ስምንት ዓመታት ስትሠራ ቅርጿ በመሠረቱ አልተለወጠም። ይሁን እንጂ ትንንሽ ለውጦቿን የለየ ሰው በመንገድ ስታልፍ ዕድሜዋን ሊናገር ይችላል። በመጀመሪያዎቹ ዓመታት የተሠሩት የበር እጀታቸው ተስቦ የሚከፈት ነበር፤ ከ1965 ወዲህ የተሠሩት ደግሞ በአውራ ጣት የሚጫኑት ቁልፍ አላቸው። ሰሌዳዋም ይናገራል። በእንግሊዝ አገር ከ1963 እስከ 1983 በነበረው አሠራር መሠረት በሰሌዳው መጨረሻ ላይ የምትቀመጠው አንዲት ፊደል መኪናው የተመዘገበበትን ዓመት ታመለክታለች። «ሲ» የምትለው ፊደል ለምሳሌ የ1965 ምልክት ናት።

ከሁሉ ጎልቶ የሚታየው ግን የግጭት መከላከያዋ ነው። እስከ 1974 ድረስ የተሠሩት ከፊትም ከኋላም ቀጭን የሚያብረቀርቅ የክሮም ብረት አላቸው። ከዚያ በኋላ የተሠሩት አፍንጫቸውና ጀርባቸው በወፍራም ጥቁር ጎማ መሰል ነገር ተሸፍኗል። ከመሬትም ትንሽ ከፍ ብለው ይታያሉ። ይህን ያደረገው የሠሪዎቹ ምርጫ አልነበረም፤ የአሜሪካ ሕግ ነው። ሦስቱን መጥረጊያዎችም የወለደው ያው የአሜሪካ ሕግ ነበር። ከ1960ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ የዚያ አገር መንግሥት መጥረጊያዎች ከፊት መስተዋቱ ምን ያህሉን መጥረግ እንዳለባቸው ደነገገ። የሸራ ጣሪያ ያላት የኤምጂ ቢ መስተዋት ቁመቷ አጭር፣ ስፋቷ ግን ረጅም በመሆኗ ሁለት መጥረጊያዎች የተባለውን ያህል ሊያዳርሱ አልቻሉም። መስተዋቷን ከመለወጥ ይልቅ ሦስተኛ መጥረጊያ መጨመር ቀለለ።

እንግዲህ አንዲት የእንግሊዝ መኪና መልኳን ለሌላ አገር ሕግ ስትል እስክትለውጥ ድረስ ያደረሳት ምንድን ነው? መልሱን ለማግኘት ከመኪናይቱ በፊት ወደ ነበረው ዘመን መመለስ ያስፈልጋል።

ከጋራዥ የተነሣ ስም

ኤምጂ የሚለው ስም የተወሰደው «ሞሪስ ጋራዥስ» ከሚባል ድርጅት ነው። ድርጅቱ በኦክስፎርድ ከተማ የሚገኝ የመኪና መሸጫና መጠገኛ ሲሆን፣ ባለቤቱ ከብስክሌት ጥገና ተነሥቶ ከእንግሊዝ ታላላቅ የመኪና አምራቾች አንዱ ለመሆን የበቃው ዊልያም ሞሪስ ነበር። በ1921 ሴሲል ኪምበር የሚባል ሰው የሽያጭ ኃላፊ ሆኖ ተቀጠረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት የድርጅቱ ሥራ አስኪያጅ ሆነ። ኪምበር ያየው አንድ ክፍተት ነበር። የሞሪስ መኪኖች ጠንካራና ርካሽ ነበሩ፤ ግን ልብ የሚያሞቁ አልነበሩም። በሌላ በኩል ልብ የሚያሞቁት መኪኖች ለሀብታም ብቻ ነበሩ። ስለዚህ የሞሪስን ሻንሲና ሞተር ወስዶ፣ ዝቅ አድርጎ፣ ዘርዘር ያለ ኃይል ሰጥቶ፣ ያማረ አካል እያለበሰ መሸጥ ጀመረ። ከ1920ዎቹ አጋማሽ ጀምሮም ስምንት ማዕዘን ያለው ምልክት በእነዚህ መኪኖች ላይ መታየት ጀመረ።

ሥራው ሲሰፋ ቦታው ጠበበ። በ1929 ማብቂያ ኪምበር ድርጅቱን ከኦክስፎርድ በስተ ደቡብ በምትገኘው በአቢንግደን ወደ ነበረ የቆዳ ፋብሪካ አዛወረው። ከዚያ ጊዜ ጀምሮ ኤምጂና አቢንግደን የማይነጣጠሉ ስሞች ሆኑ። የኪምበር ፍጻሜ ግን አሳዛኝ ነበር። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ወቅት፣ በ1941፣ በጦርነቱ ሥራ ምክንያት ከበላዮቹ ጋር ባለመግባባቱ ከገነባው ፋብሪካ ተሰናበተ። በየካቲት ወር 1945 ደግሞ ከለንደኑ ኪንግስ ክሮስ ጣቢያ የተነሣ ባቡር ዳገቱን መውጣት አቅቶት ወደ ኋላ ተንሸራትቶ አደጋ ሲደርስበት ሕይወታቸውን ካጡት ሁለት መንገደኞች አንዱ ኪምበር ነበር። ጦርነቱ ሊያልቅ ጥቂት ወራት ብቻ ቀርተውት ነበር፤ ያቋቋመው ፋብሪካ መኪኖቹን ወደ ባሕር ማዶ የላከበትን ዘመን ሳያይ አለፈ።

«ላክ፤ አለዚያ ሙት»

ጦርነቱ ሲያበቃ ብሪታንያ ድል አድራጊ ነበረች፤ ግምጃ ቤቷ ግን ባዶ ነበር። ለምግብና ለጥሬ ዕቃ የምትከፍለው ዶላር ያስፈልጋት ነበር። መንግሥት ለመኪና አምራቾች የሚሰጠውን ብረት ምርታቸውን ወደ ውጭ በመላካቸው መጠን ይወስን ጀመር። «ላክ፤ አለዚያ ሙት» የሚለው የዘመኑ መፈክር በአቢንግደንም ተሰማ።

አቢንግደን የነበራት ግን ለአሜሪካ የተዘጋጀ መኪና አልነበረም። በ1945 መሥራት የጀመረችው ቲሲ የተባለችው ሞዴል ከጦርነቱ በፊት ከነበረው ዲዛይን ብዙም አልራቀችም። ቀጫጭን የሽቦ ቸርኬዎችና ጠንካራ ባሌስትራ ያሏት መኪና ነበረች። መሪዋም በቀኝ በኩል ብቻ ነበር። ኢትዮጵያ በ1964 ከግራ ወደ ቀኝ መንገድ ስትዛወር በቀኝ መሪ መኪና ይነዱ የነበሩ ሰዎች ይህ ምን ማለት እንደ ሆነ ያውቁታል፤ ከፊት ያለውን ከባድ መኪና ለመቅደም የሚመጣውን ማየት የሚችለው ከጎን የተቀመጠው ሰው ነው። እንዲህም ሆኖ በጦርነቱ ጊዜ በእንግሊዝ የሰፈሩ አሜሪካውያን ወታደሮች እነዚህን ትንንሽ መኪኖች አይተዋቸው፣ ነድተዋቸው፣ ወደዋቸው ነበር። በአገራቸው ያለው መኪና ሰፊ፣ ለስላሳና ከባድ ነበር። ቲሲ ግን መንገዱን ወደ ነጂው መዳፍ ታደርሰዋለች። እስከ 1949 ከተሠሩት 10,000 ገደማ ቲሲዎች ወደ 2,000 የሚሆኑት አሜሪካ ገቡ። ቁጥሩ ትንሽ ነው፤ ነገር ግን በ1948 በኒውዮርክ ግዛት ዋትኪንስ ግሌን በተባለችው ከተማ በተደረገው ውድድር ላይ እንደ ተሰለፉት ያሉ ቲሲዎች አንድን አዲስ ፍቅር አስጀመሩ።

የቀጠሉት ሞዴሎች ይህን ፍቅር ተከትለው የመጡ ናቸው። በ1950 የወጣችው ቲዲ በግራ መሪም ተሠራች፤ ከ30,000 ገደማ ቲዲዎች አብዛኞቹ ወደ አሜሪካ ሄዱ። ከ1955 እስከ 1962 የተሠራችው ኤምጂ ኤ ደግሞ ከ100,000 በላይ ሆነች፤ ከእነዚህ ውስጥ በአገር ቤት የቀሩት ከመቶ አሥር እንኳ አይሞሉም። በዚያ ዘመን ለአንድ እንግሊዛዊ ወጣት በገዛ አገሩ የተሠራችውን መኪና በገዛ መንገዱ ላይ ማየት ብርቅ ነበር። ሠራተኛው ሠርቶ ለወደቡ ያስረክባታል፤ እርሱ ራሱ በብስክሌት ወይም በአውቶቡስ ወደ ቤቱ ይሄዳል።

በእጅ የምትገፋው መኪና

በ1962 መስከረም ወር ኤምጂ ቢ ለሕዝብ ስትታይ አቢንግደን የሠላሳ ዓመት ልምዷን ሁሉ አፍስሳባት ነበር። የፋብሪካው ዋና መሐንዲስ ሲድ ኤኔቨር ሲሆን አካሏን የነደፈው ዶን ሄይተር ነው። ከእርሷ በፊት የነበረችው ኤምጂ ኤ ለብቻው የቆመ ሻንሲ ነበራት፤ የኤምጂ ቢ ግን ላሜራው ራሱ ሸክሙን የሚሸከም አንድ ወጥ አካል ነበር። ሞተሯ 1,798 ሲሲ ሲሆን 95 የፈረስ ጉልበት ያወጣል፤ በሰዓት ከ160 ኪሎ ሜትር በላይ ትሮጣለች። በ1965 የጣሊያኑ የዲዛይን ቤት ፒኒንፋሪና እጁን ያሳረፈባት፣ ጠንካራ ጣሪያና የኋላ በር ያላት «ጂቲ» የተባለችው እኅቷ ተከተለች።

የኤምጂ ቢ ምሥጢር ግን በውበቷ ላይ ብቻ አልነበረም። ሞተሯ ከአንድ ተራ የቤተሰብ መኪና ሞተር ጋር የአንድ ቤት ልጅ ነው። የፍሬኗ፣ የማርሿና የመብራቷ ዕቃዎችም ከሌሎች የአገሪቱ መኪኖች ጋር የሚጋሩ ነበሩ። ካርቡራተሯን በአንድ መፍቻና በትዕግሥት ማስተካከል ይቻላል። ካንዴላዎቿ እጅ በቀላሉ የሚደርስባቸው ናቸው። መካኒክ ያልሆነ ሰው እንኳ መመሪያ መጽሐፏን ገልጦ፣ ቅዳሜ ከሰዓት በኋላውን ሠውቶ፣ ብዙ ነገሯን ራሱ መጠገን ይችላል። ይህ ቀላልነት ርካሽ ለማድረግ ሲባል የተደረገ ነበር፤ ዕድሜዋን የሚያስረዝመውም ይኸው ቀላልነት እንደሚሆን ያኔ ያሰበ አልነበረም።

የአቢንግደን ፋብሪካም ከሌሎች የተለየ ጠባይ ነበረው። ላሜራ አይቀጠቅጥም፤ ሞተር አያቀልጥም። የመኪናይቱ አካል ከስዊንደን፣ ሌላው ዕቃ ከሌሎች ከተሞች ፋብሪካዎች ይመጣል፤ አቢንግደን ይገጣጥማል፣ ይፈትሻል፣ ይልካል። የመገጣጠሚያው መስመር በሞተር የሚንቀሳቀስ አልነበረም። አንዱ ክፍል ሥራውን ሲጨርስ ሠራተኞቹ መኪናዋን በእጃቸው እየገፉ ለሚቀጥለው ክፍል ያስረክቧታል። በትልልቅ ፋብሪካዎች የሥራ ማቆም አድማ በየሳምንቱ በሚሰማበት በ1970ዎቹ ውስጥ አቢንግደን ሠራተኛውና ኃላፊው የሚግባቡባት ቦታ ተብላ ትጠቀስ ነበር። አባትና ልጅ፣ ወንድምና እኅት በአንድነት የሚሠሩባት ከአንድ ሺህ በላይ ሰዎች የሚተዳደሩባት ፋብሪካ ነበረች።

የሕግና የፓውንድ ጫና

ኤምጂ ቢ ከግማሽ ሚሊዮን በላይ ተሠራች፤ ከግማሽ የሚበልጡትም ወደ አሜሪካ ሄዱ። አንዲት መኪና በአንድ አገር ደንበኛ ላይ ይህን ያህል ስትደገፍ ግን የዚያ አገር ሕግ የእርሷም ሕግ ይሆናል። ከ1968 ጀምሮ የአሜሪካ መንግሥት ስለ ጭስና ስለ አደጋ መከላከል ያወጣቸው ደንቦች በየዓመቱ እየጠነከሩ ሄዱ። ጭሱን ለመቀነስ ሲባል ሞተሩ ጉልበቱን እያጣ ሄደ፤ በ1975 ከሁለት ካርቡራተር ወደ አንድ ወረደ፤ 95 የነበረው የፈረስ ጉልበት ለአሜሪካ በሚላኩት ላይ ከ70 በታች ሆነ። የመከላከያውን ከፍታ የሚወስነውን ደንብ ለማሟላት ደግሞ መኪናይቱ በአራት ሴንቲ ሜትር ገደማ ከፍ ተደረገች። ይህን ጊዜ ዝቅ ብላ መሬት ይዛ የምትሮጠው መኪና በመታጠፊያ ላይ ትዋልል ጀመር። ለአሜሪካ የተደረገው የመልክ ለውጥ ለእንግሊዙ ገዢም ደረሰው፤ ጥቁሩን አፍንጫ ያለ ፍላጎቱ ተቀበለ።

መድኃኒቱ አዲስ ሞዴል መሥራት ነበር። ነገር ግን አቢንግደን የራሷ ጌታ አልነበረችም። በ1952 ኦስቲንና የሞሪስ ቡድን ተዋሕደው አንድ ኩባንያ ሆነው ነበር፤ በ1968 ደግሞ ያ ኩባንያ ከሌይላንድ ጋር ተዋሕዶ ብሪቲሽ ሌይላንድ የተባለው ግዙፍ ድርጅት ተቋቋመ። በዚህ አዲስ ቤት ውስጥ የኤምጂ የቀድሞ ተፎካካሪ ትራይምፍም አብሮ ነበር። ለስፖርት መኪና የተመደበው ገንዘብ በ1975 ለገበያ ወደ ቀረበችው ትራይምፍ ቲአር 7 ሄደ። ኤምጂ ቢ ተተኪ ሳታገኝ በ1962 መልኳ እያረጀች ቀጠለች። በዚያው በ1975 ብሪቲሽ ሌይላንድ ራሱ ሊወድቅ ሲል መንግሥት አብዛኛውን ድርሻ ወሰደው።

የመጨረሻው ምት የመጣው ማንም ካልጠበቀው ወገን ነው። በ1976 መጨረሻ አንድ ፓውንድ ወደ 1.70 ዶላር ገደማ ይመነዘር ነበር። የሰሜን ባሕር ነዳጅ መፍሰስ ሲጀምር፣ በ1979 ሥልጣን የያዘው የማርጋሬት ታቸር መንግሥትም የወለድ ተመንን ከፍ ሲያደርግ ፓውንድ ዋጋው ወደ ላይ ወጣ፤ በ1980 መኸር 2.40 ዶላር ገደማ ደረሰ። ይህ ለአቢንግደን ምን ማለት እንደ ሆነ በቀላል ሂሳብ ይታያል። አሜሪካ ውስጥ የሚሰበሰብ እያንዳንዱ 1,000 ዶላር በ1976 ምንዛሪ 588 ፓውንድ ሆኖ ይመለስ ነበር። በ1980 ምንዛሪ ግን ያው 1,000 ዶላር 417 ፓውንድ ብቻ ነው። የሠራተኛው ደመወዝና የላሜራው ዋጋ ደግሞ የሚከፈለው በፓውንድ ነው፤ እርሱም ከዋጋ ንረቱ ጋር እየጨመረ ነበር። ለአገሪቱ በረከት የሆነው ነዳጅ፣ በወጪ ንግድ ለሚኖረው ፋብሪካ መርገም ሆነበት። በ1945 አገሪቱ ዶላር ሲጠማት መኪናዋን ላከች፤ በ1979 ዶላሩ ሲረክስባት መኪናዋን ተወቻት።

ጥቁሯ ሰኞ

በመስከረም ወር 1979 መጀመሪያ አቢንግደን በዓል ላይ ነበረች። ኤምጂ ወደ ከተማይቱ የመጣበት ሃምሳኛ ዓመት እየተከበረ ነበርና ሠልፍና ትርኢት ተዘጋጅቶ፣ ሠራተኞችና ቤተሰቦቻቸው አብረው ውለው ተለያዩ። በዓሉ ባለፈ ማግስት፣ ሰኞ መስከረም 10 ቀን፣ በሊቀ መንበሩ በማይክል ኤድዋርድስ የሚመራው ብሪቲሽ ሌይላንድ ሰፊ የቅነሳ ዕቅድ ይፋ አደረገ፤ የአቢንግደን መኪና መገጣጠም እንደሚያበቃም በዕቅዱ ውስጥ ተነገረ። ኩባንያው በአሜሪካ በምትሸጠው በእያንዳንዷ ኤምጂ ቢ ላይ 900 ፓውንድ እንደሚከስር ገለጸ። ይህን ሂሳብ ያልተቀበሉ ብዙዎች ነበሩ፤ የኩባንያው ጠቅላላ ወጪ ያለ አግባብ በትንሿ ፋብሪካ ላይ ተጭኗል ሲሉ ተከራከሩ። ያ ቀን በኤምጂ ወዳጆች ዘንድ ጥቁሯ ሰኞ ተብሎ ቀረ።

ባለቤቶቹ ዝም አላሉም። ከየአቅጣጫው መኪኖቻቸውን ይዘው ወደ ለንደን ገብተው በአደባባይ ተሰለፉ፤ ፊርማ አሰባስበው አቀረቡ። በአሜሪካ የሚገኙ የኤምጂ ሻጮችም ተቃወሙ። የአስተን ማርቲኑ አላን ከርቲስ የመራው ቡድን ፋብሪካውንና ስሙን ለመግዛት ለወራት ተደራደረ፤ ዳሩ ግን በ1980 የበጋ ወራት ገንዘቡ ሳይሟላ ቀርቶ ድርድሩ ፈረሰ። በዚያው ዓመት በኦክቶበር ወር የመጨረሻይቱ ኤምጂ ቢ ተገጣጥማ ወጣች፤ ፋብሪካውም ተዘጋ። ኤምጂ ቢን ትቶ የተመረጠው ትራይምፍ ቲአር 7ም ቢሆን ብዙ አልቆየም፤ በ1981 እርሱም ቆመ።

ፓውንድ ከዚያ በኋላ እንደ ወጣ አልቀረም። በ1985 መጀመሪያ ላይ ወደ አንድ ዶላር እስኪጠጋ ድረስ ወረደ። በዚያ ምንዛሪ ከአሜሪካ የሚመለሰው 1,000 ዶላር ወደ 1,000 ፓውንድ በተጠጋ ነበር። ነገር ግን የሚልክ ፋብሪካ አልነበረም፤ መኪናዋን በእጃቸው ይገፉ የነበሩት ሰዎችም ተበትነዋል።

ከስደት መመለስ

ባለ ሦስት መጥረጊያዋ መኪና የምትመለሰው እዚህ ላይ ነው። ኤምጂ ቢ አንድ ገዳይ ጠላት አላት፤ ዝገት። ላሜራው ራሱ ሸክም ተሸካሚ በመሆኑ ከበሮቿ በታች ያሉት የጎን ምሰሶዎች ከዛጉ መኪናይቱ ወገቧ ተሰበረ ማለት ነው። በእንግሊዝ አገር በክረምት በረዶ ለማቅለጥ በመንገድ ላይ የሚበተነው ጨው ብዙዎቹን ከታች በልቷቸዋል። በካሊፎርኒያና በአሪዞና ደረቅ አየር የኖሩት ግን ቀለማቸው በፀሐይ ቢነጣም፣ የመቀመጫቸው ቆዳ ቢሰነጣጠቅም፣ ላሜራቸው ጤነኛ ነበር። ከ1980ዎቹ ማብቂያ ጀምሮ እንግሊዛውያን ነጋዴዎች እነዚህን እየገዙ በኮንቴይነር ያስመጡ ጀመር። መሪያቸው ከግራ ወደ ቀኝ ተዛወረ፤ ሞተሮቻቸው በሕግ የተነጠቁትን ጉልበት መልሰው አገኙ፤ ከአንዳንዶቹ ላይ ጥቁሩ አፍንጫ ተነሥቶ የክሮሙ ብረት ተተካ። የሦስቱ መጥረጊያ ቀዳዳዎች ግን በአካሏ ላይ ስለተበሱ ብዙዎች እንዳሉ ተዉአቸው። የስደት ዘመኗ ምልክት በግንባሯ ላይ ቀረ።

መመለሷ ብቻውን ግን አያኖራትም ነበር። በ1973 የተቋቋመው የኤምጂ ባለቤቶች ክበብና ከ1930 ጀምሮ የነበረው የኤምጂ መኪና ክበብ አባሎቻቸው ዕቃና ዕውቀት የሚለዋወጡባቸው ቦታዎች ሆኑ። በ1988 ደግሞ ብሪቲሽ ሞተር ሄሪቴጅ የተባለው ድርጅት የኤምጂ ቢን ላሜራ ይቀርጹ የነበሩትን የቀድሞ የብረት መጫኛዎች አሰባስቦ አዲስ አካል መሥራት ጀመረ። ምርቷ ከቆመ ከስምንት ዓመት በኋላ የኤምጂ ቢ አካል እንደ አዲስ ተገዛ። ሞተሯ የዛገባት ሞተር ይገዛል፤ አካሏ የዛገባት አካል ይገዛል። ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክሙ ነው፣ ለሃምሳ ሰው ጌጡ ነው እንደሚባለው፣ ለአንድ ሰው የማይቻለው ነገር በሺዎች ለሚቆጠሩ ባለቤቶች ተቻለ።

ሕጉም ከጊዜ ጋር ለዘበ። በብሪታንያ አርባ ዓመት የሞላው መኪና እንደ ታሪካዊ ተሽከርካሪ ተቆጥሮ ከዓመታዊ የመንገድ ግብር ነፃ ይሆናል፤ ከ2018 ጀምሮም መሠረታዊ ለውጥ ያልተደረገበት ከሆነ ከግዴታው ዓመታዊ ምርመራ ነፃ ነው። የመጨረሻይቱ ኤምጂ ቢ የተሠራችው በ1980 በመሆኑ ዛሬ ሁሉም በዚህ ዕድሜ ላይ ደርሰዋል። በአንድ ወቅት መልኳን ያበላሸው ሕግ፣ በሌላ አገርና በሌላ ዘመን፣ ጠበቃዋ ሆነ።

ስሙና መኪናዋ

የኤምጂ ስም ግን የሄደበት መንገድ ሌላ ነው። ከ1982 ጀምሮ በተራ የከተማ መኪኖች ላይ ተለጠፈ፤ በኋላም እንደገና በስፖርት መኪና ላይ ታየ። ባለቤትነቱ ከእጅ ወደ እጅ ከተላለፈ በኋላ በኤፕሪል 2005 ኤምጂ ሮቨር የተባለው ኩባንያ ከስሮ ወደ 6,000 የሚጠጉ ሠራተኞች ሥራ አጡ። በዚያው ዓመት የቻይናው ናንጂንግ ገዛው፤ ከሁለት ዓመት በኋላም ወደ ሻንጋዩ ኩባንያ ሳይክ ተላለፈ። ዛሬ ስምንት ማዕዘኑን ምልክት በቻይና በተሠሩ መኪኖችና ኤሌክትሪክ ተሽከርካሪዎች ላይ በአውሮፓም ሆነ በባሕረ ሰላጤው አገሮች መንገዶች ላይ ማየት የተለመደ ነው። ዱባይ ወይም ሪያድ ውስጥ የሚኖር አማርኛ አንባቢ በየቀኑ የሚያየው ይህ ምልክት ከአንዲት የእንግሊዝ ከተማ የቀድሞ ቆዳ ፋብሪካ እንደ መጣ ላያውቅ ይችላል። ስሙ በገበያ ተሸጦ ሄዷል። መኪናይቱን ያኖሯት ግን ስሙን የገዙት ኩባንያዎች አይደሉም፤ መፍቻ ይዘው ቅዳሜያቸውን የሠዉላት ባለቤቶቿ ናቸው። አሮጌ ፊያት፣ ቮልስዋገን ወይም ላዳ በአዲስ አበባ ጋራዦች ውስጥ ከአባት ወደ ልጅ ሲተላለፍ ያየ ሰው ይህን ለመረዳት ማብራሪያ አያሻውም።

በአቢንግደን ከተማ አሮጌው የአውራጃ አዳራሽ ሙዚየም ሆኖ፣ ከመስመሩ የወጣችው የመጨረሻይቱ የሸራ ጣሪያ ኤምጂ ቢ እዚያ ቦታ አግኝታለች። ያች መኪና ለሥራ አልወጣችም፤ ስለዚህም አላረጀችም። በውጭ ያለችው ባለ ሦስት መጥረጊያዋ ግን አርጅታለች፤ ሞተሯ ተለውጧል፣ መሪዋ ተዛውሯል፣ ቀለሟ ሁለት ሦስት ጊዜ ታድሷል። በእሑድ ጠዋት ወደ አቢንግደን በሚወስደው መንገድ ላይ ድንገት ዝናብ ሲጥል ሦስቱ አጫጭር መጥረጊያዎቿ እኩል ተነሥተው እኩል ይወድቃሉ። ከኋላዋ ያለው ሰው ይስቅ ይሆናል። ለአሜሪካ ሕግ ሲባል የተጨመረው ሦስተኛው መጥረጊያ ዝናብ እምብዛም በማይጥልበት አገር ዓመታቱን ያለ ብዙ ሥራ አሳልፎ፣ አሁን በተሠራበት ከተማ ዝናብ ላይ ሥራውን ይሠራል።